እንዳይነሳበት

መካኒሳ አቦ አካባቢ ከሙሉሰው ጋር የሚጣላ ሰው የለም። ሲሰሙት ሙገሳ ይመስላል፤ እሱም በመጀመሪያው ሰሞን ሙገሳ መስሎት ነበር።

ሙሉሰው ልብስ ሰፊ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ በአህመድ ሱቅና በአንድ ሞባይል ጠጋኝ መሃል በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። እጁ ጥሩ ነው። አልፎ አልፎ ግን እንደማንኛውም ልብስ ሰፊ ያበላሻል። በነሐሴ መጨረሻ ለአንዲት እናት የልጇን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሮ ሰጣት። ሴትየዋ በምላሷ የታወቀች ናት፤ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ፣ የታክሲ ረዳቶቹን፣ የወረዳውን ጥበቃ ሳይቀር ልክ ልካቸውን የነገረች። ሱሪውን ዘርግታ አየችው። ሙሉሰውን አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ፣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«በጣም ያምራል፣ እጅህን ይባርከው» አለችና አጣጥፋው ሄደች። ልጁም ትምህርት ቤት ሲከፈት አንድ ካልሲውን ለሕዝብ እያሳየ ገባ።

ትዝ ያላት ነገር ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው፦ «እንዳይነሳበት።» ሙሉሰው ከዓመታት በፊት ታሞ ነበርና ያ በሽታ እንዳይነሳበት ሰፈሩ ተጠንቅቆ ይኖራል። አይጣሉትም፣ አይከራከሩትም፣ ጎል ነው አይደለም ብለው እንኳ አይሟገቱትም። ጥንቃቄው ግን ከዚያም ያልፋል። ሙሉሰው ከት ብሎ ከሳቀ ሁለት ሰዎች ይተያያሉ፤ «ጀመረው» ማለታቸው ነው። ዝም ካለ ደግሞ «ዘጋው» ነው። ጠዋት ማልዶ ከከፈተ እንቅልፍ አጥቷል፤ አርፍዶ ከከፈተ ከአልጋው መነሳት አቅቶታል። ጤነኛ ሰው በቀን ውስጥ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ሙሉሰው ሲያደርገው ምልክት ነው። ሰውየው በገዛ ሰፈሩ የሚያስነጥሰው እንኳ አስቦበት ነው።

በሽታው እውነተኛ ነበር፤ ይህን እሱ ራሱ አይክድም። በአንድ የክረምት መውጫ እንቅልፍ ጥሎት ጠፋ። መጀመሪያ ደስ አለው፤ የሥራ ሰዓት ተጨመረልኝ ብሎ። ከዚያ ንግግሩ ፈጠነ፣ ሐሳቡ ንግግሩን ቀደመው። የደንበኞቹን ልብስ፣ የአንድ ሙሽራ ሙሉ ሱፍ ጨምሮ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡ የኔ ቢጤዎች አደለው። ሙሽራው በተውሶ ሱፍ ሲያገባ፣ ደጁ ላይ አንድ ሽማግሌ በሚያብረቀርቅ ሱፍ ተቀምጠው «ስለ አቦ» ይሉ ነበር። ሙሉሰው ቀጥሎ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መንገድ ወጣና የአላፊ አግዳሚውን ትከሻ መለካት ጀመረ። ትራፊክ ፖሊሱን ሳይቀር በሥራ ላይ እንዳለ ከብብቱ እስከ ወገቡ ለካው። ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ መኪና እያስቆመ ስለነበር ለመለካት ተመቻችቶለት ነበር ይላሉ ያዩት።

«ለሁላችሁም የሚሆን ልብስ ታዝዣለሁ» ይል ነበር። ማን እንዳዘዘው ሲጠየቅ ወደ ላይ ያመለክታል።

ከዚያ ወዲያ መውደቁ መጣ። ለሳምንታት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን በእጃቸው ያጎርሱት ነበር። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሰፈሩም ተሰብስቦ መረመረው። እናቱ «የሰው ዓይን ነው» አሉ፤ አዲስ የልብስ ስፌት መኪና የገዛበት ሰሞን ነበርና። ባለሱቁ አህመድ «ትኩስ ውሃ ቱቦ ውስጥ ሲደፋ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ቢስሚላህ እንኳ ሳይል። እዚያ ውስጥ ጂኒዎች ልጅ ያሳድጋሉ፤ አቃጥሎባቸው ነው» አለ። ጋሽ መዝገቡ ደግሞ፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉት፣ በሰፈሩ ያለ እሳቸው ፀሐይም የምትወጣ የማይመስላቸው ሰው፣ «ንባብ ነው» ብለው ቆረጡ። «ጋዜጣ በብዛት ሲገዛ አየው ነበር። ጭንቅላት የሚችለው መጠን አለ።» እውነቱን ለመናገር ሙሉሰው ጋዜጣ የሚገዛው ለልብስ ንድፍ መቁረጫ ነበር፤ ርዕሱን እንኳ አንብቦ አያውቅም። ግን በዚያ ሰዓት እሱን ማን ይጠይቀዋል?

ሁሉም በየምርመራው አከመው። እናቱ ከጠበል ጠበል ይዘውት ዞሩ። አህመድ ቁርአን የተቀራበት ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ አመጣለት፤ ሙሉሰውም፣ የአቦ ልጅ፣ ግጥም አድርጎ ጠጣው። ጋሽ መዝገቡ ከክፍሉ ጋዜጣ የሚባል ነገር ጠራርገው አወጡ። የአክስቱ ልጅ ደግሞ ማንንም ሳያማክር ታክሲ ተኮናትሮ ሆስፒታል አደረሰው። እዚያ ያገኘችው ሐኪም በሽታው ባይፖላር እንደሚባል፣ ብዙ ሰው እንደሚይዝ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደም እንደማንኛውም ሰው ሠርቶ መኖር እንደሚችል ነገረችው። ቀስ በቀስ እንቅልፉ ተመለሰ። ዛሬም መድኃኒቱን ከእራት በኋላ ሳይረሳ ይውጣል፣ ቀጠሮውንም አያሳልፍም።

የቀረው ክርክር ማን አዳነው የሚለው ነው። ሙሉሰው በዚህ ማንንም አያስቀይምም። ለእናቱ ወዳጅ ለእትዬ ወጋየሁ «ጠበሉ ነው» ይላቸዋል። ለአህመድ «ያ ውሃህ» ይለዋል። ለጋሽ መዝገቡ «ከጋዜጣ ከራቅሁ ወዲህ ይኸው ደህና ነኝ» ይላቸዋል። ለሐኪሟ ይህን ሁሉ ሲያጫውታት ከልቧ ትስቅና «የኔን እስካላቋረጥክ ድረስ የቀረውን ደርበው» ትለዋለች። በሽታውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተካፍሎታል ማለት ነው፤ ድኅነቱንም እንዲሁ። ለሙሉሰው ብቻ የሚሆን ድርሻ ሊገኝለት አልቻለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ፌኔትን ያገኘው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ካለ ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ የተወለደችው ሰበታ ነው። ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች፣ ቀሚሱ ደጋግሞ የሚጠብብና የሚሰፋ ሆነ፣ ነገሩ ገባቸው። ሻይ ሲጠጡ ሙሉሰው ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብሎ ሁሉንም ነገራት፤ ሱፉን፣ ሜትሩን፣ ትራፊኩን፣ ግድግዳውን። ፌኔት እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«አሁን ትተኛለህ?» አለችው።

«እተኛለሁ።»

«ታንኮራፋለህ?»

«ይላሉ።»

«እንግዲያው ምንም አልሆንክም» አለችና ሻይዋን ጨረሰች።

ከተጋቡ በኋላ ግን ሰፈሩ እሷንም በጥንቃቄው ውስጥ አስገባት። ሴቶቹ ጥግ እየያዙ «እንዴት ነው? ደህና ያድራል?» ይሏታል። «አዎ፣ እቤቱ ነው የሚያድረው» ትላቸዋለች ኮስተር ብላ። ፌኔት እንዲህ ናት፤ ለማሽሟጠጥ ፊቷን ማስተካከል አያስፈልጋትም።

ሙሉሰው ሱሪ አበላሽቶ መመስገኑን ችሎት ኖሯል። የከነከነው የማህበሩ ነገር ነው። በየወሩ በአምስት የአቦን ጽዋ የሚጠጡ ጎረቤቶች አሉ። ጽዋዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ከቤት ቤት ትዞራለች፤ የወሩ ባለተራ ደግሶ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ከዚያ ለቀጣዩ ያሻግራል። የማህበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ጋሽ መዝገቡ ናቸው፤ ሌላ ማን ሊሆን። ሙሉሰው በታመመበት ጊዜ ማህበርተኞቹ ተራውን ሸፈኑለት፤ እግዜር ይስጣቸው፣ በወቅቱ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ከዳነም፣ ሚስት ካገባም በኋላ መሸፈኑን አላቆሙም። ጽዋዋ ወደ እሱ ስትደርስ በላዩ ላይ ዘላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ለሙሉሰው ደግሞ ማህበር ማለት እናቱ በሕይወት ሳሉ በቤታቸው ሰው የሚሞላበት ቀን ነው። የሌላውን እየበላ የራሱን የማያበላ ሰው እንግዳ ነው፤ እሱ በተወለደበት ሰፈር እንግዳ መሆን አንገሸገሸው።

በዚህ ዓመት መስከረም አምስት ባለተራዋ እትዬ ወጋየሁ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሙሉሰው ነው። ተበልቶ ተጠጥቶ ጽዋዋ የምትሻገርበት ሰዓት ሲደርስ ሙሉሰው ነጠላውን አስተካክሎ ብድግ አለ። ጋሽ መዝገቡ ቀድመውት ቆሙ።

«ጽዋው ወደ ከበበው ይሻገር። ሙሉሰው አይድከም።»

«አዎ፣ አዎ፣ እሱ አይድከም» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

«ጋሽ መዝገቡ፣ እኔ እኮ አልደከመኝም» አለ ሙሉሰው።

«እሰይ! እሱን ነው የምንፈልገው» አሉት ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ። «አሁንም እንዳይደክምህ።»

እልልታው ቀለጠና የታክሲ ሾፌሩ ከበበው ጽዋዋን ታቅፎ ወጣ። የከበበው ፊት የቅጣት ወረቀት የተሰጠው ሰው ፊት ነበር፤ በሙሉሰው ምክንያት ተራው ሁሌ ፈጥኖ ይደርሰዋል።

ሙሉሰው ቤት ሲገባ ፌኔት ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። ፊቱን አይታ ገባት።

«አሁንም ዘለሉህ? ለምን አትጠይቃቸውም?»

«ጠየቅሁ እንጂ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«በትሕትና።»

«ተቆጣ እንጂ ሰውዬ!»

«ብቆጣ ‹ተነሳበት› ይላሉ።»

«እየሳቅክ ጠይቅ።»

«ብስቅ ‹ጀመረው› ይላሉ፣ ፌኒ። ዝም ስል ደግሞ ‹ዘጋው›። ጤነኛ መሆኔን በምን እንደማሳይ ጠፋኝ።» አልጋው ላይ ተቀመጠና ጫማውን ፈታ። «ደግሞ ስለት አለብኝ» አላት በመጨረሻ።

ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ፣ ሜትሩን አንጠልጥሎ ሲዞር፣ አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ «አቦዬ፣ ብትምረኝ ጽዋህን በቤቴ አጠጣለሁ!» ብሎ ተስሎ ነበር። በደንብ ያስታውሰዋል። ሰው የታመመበትን ወራት ሁሉ የረሳው ይመስለዋል፤ እሱ ግን ያንን አልረሳም። ለማንም ያልተናገረው ስላፈረ ነው። በዚያ ሰሞን የተናገረው ነገር ሁሉ የሰፈር ቀልድ ሆኗል፤ ይህኛው እንዲቀለድበት አልፈለገም።

«ስለት ይዘህ ነው እንዲህ ዝም ብለህ የተቀመጥከው?» ፌኔት በእውነት ደነገጠች። «እናቴ ለማርያም ጃንጥላ ተስላ በዶፍ ዝናብ ይዛው ስትሄድ፣ የእመቤቴ ነው ብላ ሳትዘረጋው እየበሰበሰች የደረሰች ሴት ናት!»

«በዚያ ሁኔታ የተሳልኩትን ማን ይቆጥርልኛል?»

«ለሰው ነው የተሳልከው? አቦ ሰምተውሃል አልሰሙህም?»

ሙሉሰው አሰበ። «ሳይሰሙኝ አይቀሩም» አለ። «በጣም ጮኬ ነበር።»

ጥቅምት አምስት የአቦ ዓመታዊ በዓል ነው። ከንግሡ መልስ ማህበርተኛው ጀሞ፣ ከበበው ቤት፣ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተሰበሰበ። ቄስ ሚሳኤል፣ የብዙዎቹ የንስሐ አባት፣ በክብር ቦታቸው ተቀምጠዋል። እትዬ ወጋየሁ ደረጃው አድክሟቸው ገና እያለከለኩ ነው። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጫወቱ። ከዚያ ጋሽ መዝገቡ ተነሱ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሙሉሰው ቆመ።

«ጽዋው ለእኔ ይሰጠኝ። ስለት አለብኝ።»

ስለት ቀላል ነገር አይደለም።

«መቼ የተሳልከው?» አሉ ጋሽ መዝገቡ።

«ታምሜ በነበረ ጊዜ።»

የጋሽ መዝገቡ ፊት ወዲያው በርኅራኄ ተሞላ። ሙሉሰው ከስድብ ይልቅ ይህን ፊት ይፈራዋል። «አይ ልጄ» አሉት ለስለስ ብለው። «ያን ጊዜማ አንተ መቼ አንተ ነበርክ። የተናገርከው አንተ አይደለህም፣ በሽታው ነው። አይቆጠርብህም፤ አታስብ።»

«ምን ብለህ ነበር የተሳልከው?» አሉ እትዬ ወጋየሁ ድንገት። ድምፃቸው ተቀይሯል።

«‹አቦዬ፣ ብትምረኝ ጽዋህን በቤቴ አጠጣለሁ› ብዬ። በሩ ላይ ቆሜ።»

እትዬ ወጋየሁ ደረታቸውን መቱ። «ሰምቼዋለሁ! በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ! ሲቀባጥር መስሎኝ አማትቤ ሮጥኩ። ለሰውም አልተናገርኩም። ወይኔ!»

«ቢሰሙትም በሽታው ነው የተናገረው» አሉ ጋሽ መዝገቡ፤ ክርክር ሲነሳባቸው ድምፃቸው ከፍ ይላል።

ሙሉሰው ወደ እሳቸው ዞረ። «ጋሽ መዝገቡ፣ እናቴ ዓይን ነው ብላለች። አህመድ ጂኒ ነው ብሏል። እርስዎ ንባብ ነው ብለዋል። የትኛውም ይሁን። ግን ዓይንም ሆነ ጂኒ፣ የአቦን ስም ጠርቶ ማረኝ ይላል?»

ከበበው ጽዋዋን ለማንሳት የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፣ አውቃለሁ» አለ ሙሉሰው። «የሰው ሱፍ ሰጥቻለሁ፣ ፖሊስ ለክቻለሁ። እሱም እኔ ነኝ፣ ታምሜ ነው። ማረኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የዳንኩት እኔ ከሆንኩ፣ የለመንኩትም እኔ ነኝ።»

ሁሉም ወደ ቄስ ሚሳኤል ዞረ። ቄሱ ጢማቸውን እየዳበሱ ቆዩ። «የታመመ ሰው ጸሎት የማይቆጠር ከሆነ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ጠበል ቤት ገብቼ የማነበንበው ለማን ነው? ስለቱ ስለት ነው። አቦ ተቀብለውታል፣ ይኸው ቆሞ ይናገራል። የቀረው መክፈሉ ነው። ይህን ሁሉ ዓመትስ ማን ነው ያገደው?»

ይህቺ የመጨረሻ ጥያቄ ቤቱን በጠበጠችው። ያገዱት እነሱ ናቸዋ! የጻድቁን ስለት ይዘው ኖረዋል! አንዱ ሳል አልለቀው ያለው ለካ ለዚህ ነው። ከበበው የታክሲው ፍሪሲዮን በየጊዜው ለምን እንደሚበላ አሁን ተገለጠለት። እትዬ ወጋየሁ ባለፈው የጠመቁት ጠላ የኮመጠጠበትን ምክንያት አገኙ። ጋሽ መዝገቡ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሹ ጀመር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ እየወጋቸው ነው። የአንድን ሰው በሽታ ሲመረምሩ የኖሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሁሉም በሽተኛ ሆኑ። ሙሉሰው ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ከንፈሩን ነክሶ ቻለው።

«ስጡት!» አሉ እትዬ ወጋየሁ። «አሁኑኑ ስጡት!»

ጽዋዋን በደስታ ያስረከበው ከበበው ነው።

ኅዳር አምስት የሙሉሰው ቤት ሰው ሞላው። በግ ታርዷል፣ ድፎ ተደፍቷል፣ የእትዬ ወጋየሁ ጠላ በዚህ ወር እንከን አልነበረበትም። አህመድ ወንበር አውሶ፣ ራሱም ተሸክሞ አምጥቶ ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ የበጉን ነገር ስለማይነካው ፌኔት ለብቻው ሻይና ዳቦ አቅርባለታለች። ሙሉሰው አዲስ የሰፋውን ኮት ለብሶ ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ ይላል። እናቱ ቢያዩት ብሎ ያስባል፣ ወዲያው ደግሞ ወጡ ትዝ ይለውና ይሮጣል።

ችግሩ ጋሽ መዝገቡ ናቸው። ጽዋው ይሰጠው ብለው ተሸነፉ እንጂ ሙሉሰው መደገስ ይችላል ብለው አላመኑም። ከማንም ቀድመው መጥተው የቤቱ ባለቤት ሆነዋል። እንግዳ ይቀበላሉ፣ ወንበር ያዞራሉ፣ «ኧረ ጮክ አትበሉ፣ ቤቱ ይጨናነቅበታል» ይላሉ። ሙሉሰው ድፎውን ሊያነሳ ሲል ከእጁ ተቀበሉት። ጠላ ሊቀዳ ሲል ጣሳውን ወሰዱበት። ቢላዋውን ከጠረጴዛው አንስተው ከቁም ሳጥኑ ላይ ሲያስቀምጡት አይቶ እንዳላየ አለፈ። ቄስ ሚሳኤል ለቡራኬ ሊነሱ ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ለጸሎት ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ጋሽ መዝገቡ ወደ ሙሉሰው ጠጋ ብለው፣ በሹክሹክታ ነው ብለው ባሰቡት ድምፅ፣

«ዛሬ መድኃኒትህን ወስደሃል?» አሉት።

ቤቱ በሙሉ ሰማ።

«እርስዎስ?» አለ ሙሉሰው። ድምፁ ከራሱ ግምት በላይ ወጣ። «እርስዎ የግፊትዎን ወስደዋል? ከጠዋት ጀምሮ ቤቴን ቀምተውኛል! ጣሳዬን ይቀማሉ፣ ቢላዋዬን ይደብቃሉ፣ እንግዳዬን ዝም በል ይላሉ! ይህ የእኔ ቤት ነው፣ ተራው የእኔ ነው። ይቀመጡ! ካልተቀመጡ በሩ ያው!»

ከአፉ ሲወጣ ነው የሰማው። ጉዳዩ አለቀ ብሎ አሰበ። ያን ሁሉ ዓመት የሰበሰበውን ሳቅ፣ የዋጠውን ቁጣ፣ በአንድ ትንፋሽ ደፋው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከበበው በሩ ወዳለበት ጎን ወንበሩን ጎተት አደረገ። ፌኔት ጭልፋ እንደያዘች ከጓዳው በር ላይ ቆማ ቀረች። ሙሉሰው ያቺን ቃል ጠበቀ፤ ማን ቀድሞ እንደሚላት ብቻ ነው ያላወቀው።

የጋሽ መዝገቡ ፊት በርበሬ መሰለ። «ባለጌ!» አሉ። ዱላቸውን ፈለጉ። «ይሄ ሰውዬ ባለጌ ነው! በስተርጅና እንዲህ ተብዬ አላውቅም! ለሱ አሳቢ ሆኜ፣ በሩን ያሳየኛል? ስድ!»

«ግልፍተኛ ነው እንጂ ባለጌስ አይደለም» አሉ እትዬ ወጋየሁ ከተቀመጡበት። «እናቱም እንዲሁ ነበረች፤ ድግስ ያለባት ቀን ማን ይጠጋት ነበር? ያቺው ናት። ደግሞ መዝገቡ፣ አንተም አበዛኸው።»

«እኔ ነኝ ያበዛሁት?»

«ቢላዋውን ምን አድርግ ብሎህ ደበቅከው? ሰው ድፎ በምን ይቆርሳል?»

«እሱ እውነት ነው፣ ድፎው ሳይቆረስ ቆይቷል» አለ ከበበው ወንበሩን ወደ ቦታው እየመለሰ። ጎን ለጎን ያሉት ገቡበት፤ ገሚሱ ታላቅ እንዲህ አይባልም ይላል፣ ገሚሱ ባለቤት በቤቱ ያዛል ይላል። ጠቡ እንደማንኛውም የድግስ ቤት ጠብ ሞቀ። ሙሉሰው መሃል ቆሞ ጆሮውን ማመን አቃተው። ባለጌ ተብሏል። ስድ ተብሏል። ግልፍተኛ ተብሏል፣ እሱም የእናቱ ሆኖ። ያቺን ቃል ግን ማንም አላላትም።

«በቃ!» አሉ ቄስ ሚሳኤል። «የተጣላ ሰው ባለበት ጽዋ አልባርክም፤ ሕጉን ታውቃላችሁ። መዝገቡ፣ ያልተሾምክበትን ይዘሃል፤ ቢላዋውን አምጣና ቁጭ በል። ሙሉሰው፣ አንተም አጥፍተሃል። ሰውየው ታላቅህ ነው፣ በር አታሳየውም። በል ጫማውን ስመህ ይቅርታ ጠይቅ።»

«አባ፣ እሱ እንኳ...» ሊል ጀመረ አንድ ሰው ከወደ ጥግ።

«ምን እሱ እንኳ? ያጠፋ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል» አሉ ቄሱ።

ጋሽ መዝገቡ ቢላዋውን መልሰው ሲቀመጡ ሙሉሰው ሰውን እየዘለለ ወደ እሳቸው ሄደ። ለዓመታት ሱሪ ሲያበላሽ ተመስግኗል፣ ሲያረፍድ ታዝኖለታል፣ ስለ አንድም ነገር ተወቅሶ አያውቅም። ጎንበስ ሲል ጋሽ መዝገቡ እንደ ወጉ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው በትከሻው ያዙት፤ ገና አልበረደላቸውም።

«አጥፍቻለሁ፣ ጋሽ መዝገቡ። ይቅር ይበሉኝ» አለ ሙሉሰው።

«ደግመህ እንዳታደርገው!» አሉት፣ በእውነት ተቆጥተው።

ሙሉሰው ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፊቱ እየሳቀ ነበር። ቤቱ ለጸሎት ቆሟልና ልብ ብሎ ያየው የለም። ፌኔት ብቻ አይታው ጭልፋዋን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች።